የመጨረሻው ድንጋይ የማን ነው?

ሰንበሌጥ አምባ፣ ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩት ጋሼ ተክለጻድቅ፣ ካምቤል፣ ካሊፎርኒያ

የእኛ ክረምት ለእርስዎ በጋ ነው ይባላልና በጋውን በጤና ያሳልፍልዎ። እኛ፣ አባባም፣ ባለቤቴ ደምመላሽም፣ ትንሿ ልጄ ቤቴልም፣ አምላክ ይመስገን በእግራችን ቆመን እንሄዳለን። ኔትወርኩ ከዚህ ተራራ ላይ ከጠፋ ሰንብቷል። ስለዚህ እኔ በወረቀት እጽፋለሁ፤ ደምመላሽ በአይሱዙው ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልዎታል። የእርስዎንም መልስ እዚያው አሳትሞ ያመጣልኛል። ቢዘገይብዎ በእኔ አይፍረዱ፣ በመንገዱ ይፍረዱ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ከቤታችን በላይ፣ ከባቄላው ማሳ ጫፍ፣ መሬቱ ተሰንጥቋል። መጀመሪያ ጥጃ የረገጠው መስሎን ነበር። ዛሬ ቤቴል እግሯን እስከ ጉልበቷ ታስገባለች፤ ደግሞም ታስገባለች፣ ብመታትም አትሰማም። የወረዳው ባለሙያ መጥቶ አየና «ክረምቱ ሳይበረታ ውጡ፣ ታች ትምህርት ቤቱ ግቢ ሸራ ተወጥሮላችኋል» ብሎ ሄደ። ሰባት ቤት ነን። ሰባቱም የሚያየው አባባን ነው።

አባባን ደግሞ ያውቋቸዋል። የቤታችንን ግንብ በእጃቸው የካቡ ሰው ናቸው። «ከሸራ ሥር ገብቼ በሳል አልሞትም» አሉ። ስለምናቸው ጊዜ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው፣ «ዕድልን በቁጥር ሲያስተምር ፀጉሩ የሸበተ ወንድም አለኝ፤ ተክለጻድቅ ይናገር። እሱ ውጣ ካለኝ ዛሬውኑ እወጣለሁ።» ዝምድናችሁ በቅድመ አያት በኩል እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ እሳቸው ሲቆጥሩት ግን የአንድ እናት ልጅ ያደርጉዎታል። ባለፈው ስለዚያ የበረዶ ጨዋታ የጻፉትንም ደጋግመው አስነብበውኛል። ፕሮፌሰር መጥረጊያ ይዞ በረዶ ይጠርጋል ሲባል እንባቸው እስኪመጣ ነው የሚስቁት።

ስለዚህ ጋሼ፣ ከእርስዎ ገንዘብም ልብስም አልጠይቅም። አንድ ቃል ነው የምፈልገው። እንውጣ ወይስ እንቆይ?

አክባሪዎ ኢየሩስ አስራት

---

ካምቤል፣ ሐምሌ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢየሩስ፣ እንዲሁም ጮክ ተብሎ እንደሚነበብ ስለማውቅ፣ ለወንድሜ ለአስራት

የአባቶቻችን አምላክ ጣራችሁን ያጽና፣ እህላችሁን ይባርክ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ፎቶውንም በመነጽርና ያለ መነጽር አይቼዋለሁ። አንድ ቃል ጠየቅሽኝ፤ አርባ ዓመት ሳስተምር በአንድ ቃል መልሼ አላውቅም፣ አሁንም አልጀምርም። ሰው «ይሆናል ወይስ አይሆንም» ሲለኝ «ከመቶ ስንት?» እላለሁ። ሚስቴ ነፍሷን ይማርና በዚህ ጠባዬ ስንት ጊዜ ተናዳለች።

አስራት የሳቀበትን ጨዋታ በደንብ ላስረዳችሁ፣ መልሴ እዚያ ውስጥ አለ። ከርሊንግ ይባላል። ሁለት ቡድን በየተራ ከባድ ድንጋይ በበረዶ ላይ እያንሸራተተ፣ ፊት ፊቱን በመጥረጊያ እየጠረገ፣ ወደ አንድ ክብ መሃል ይልካል። ዙሩ ሲያልቅ ለመሃሉ የቀረበው ቡድን ነጥብ ይወስዳል። ትልቁ ነገር የዙሩን የመጨረሻ ድንጋይ የሚወረውረው ማን ነው የሚለው ነው፤ ሁሉም ከወረወረ በኋላ ስለሚወረውር መልስ የለበትም። ነጥብ ያገኘ ቡድን ይህን መብት በሚቀጥለው ዙር ለሌላው ያስረክባል። ማንም ነጥብ ካላገኘ ግን መብቱ ከነበረበት አይነቃነቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ኦክላንድ ውስጥ ከወጣቶች ጋር ገጠምን። የቡድናችን አለቃ ኣቡበከር ሲያትል ልጁ ዘንድ ስለሄደ አዛዡ እኔ ነበርኩ። ሁለት ዙር ሲቀር እኩል ነን፣ ክቡ ባዶ ነው፣ የመጨረሻው ድንጋይም የኛ ነው። ሶፍያ፣ ሳን ሆዜ ሱቅ ያላት የአስመራ ልጅ፣ ድንጋዩን ይዛ ተንበርክካለች። «ሆን ብለሽ አሳልፊው፣ ክቡን አይንካ» አልኳት።

«ተክሌ፣ ፍሪ ፖይንት እኮ ነው! ለምንድነው ትሮው አዌይ የማደርገው?»

«ትረስት ሚ» አልኳት።

ምክንያቱም የክለባችንን ጨዋታዎች ለዓመታት መዝግቤ ሠንጠረዥ ሠርቻለሁ። ያቺን አንድ ነጥብ ወስዶ የመጨረሻውን ድንጋይ ያስረከበ ቡድን የሚያሸንፈው ከመቶ ስድሳውን ነው። ነጥቧን ንቆ ድንጋዩን ያቆየ ግን ሰባ አምስቱን። ሶፍያ እያጉረመረመች አሳለፈችው። በመጨረሻው ዙር አሸነፍን፤ ሻይ የጋበዘችኝም እሷ ናት።

የእናንተም ነገር እንዲህ ይመስለኛል። ዛሬ በዝናብ፣ ሕፃንና ሽማግሌ ይዞ ሸራ ሥር መግባት ትንሽ ነጥብ መልቀም ነው። ከብቱ ይበተናል፣ ቤቱ ይዘረፋል፣ የአስራት ሳንባ ደግሞ የታወቀ ነው። ቆማችሁ ከጠበቃችሁ ግን መውጣት ነገም ትችላላችሁ፣ ከነገ ወዲያም ትችላላችሁ። የመጨረሻው ድንጋይ በእጃችሁ ነው። እስከ ቡሄ ያዙት። እስከዚያ ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ችካል ትከሉና በገመድ ለኩ፣ ልኩን ላኩልኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ተረጋጉ።

ወንድማችሁ ተክለጻድቅ

---

ሰንበሌጥ አምባ፣ ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ተክለጻድቅ

የእመቤታችን ጥበቃ አይለይዎት። ደብዳቤዎ ደረሰ፣ ግን መንገዱ በናዳ ሁለቴ ተዘግቶ ስለነበር ዘገየ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አባባ ሰባቱን ቤት ከዋርካው ሥር ሰብስበው አስነበቡኝ። ስለ ሶፍያ ሲሰሙ ሁሉም ሳቁ። ከዚያ አባባ ተነስተው ከዘራቸውን መሬት ላይ ቸክለው «ሰማችሁ? ከመቶ ሰባ አምስት ቤታችን ይቆማል ብሏል» አሉ።

«አባባ፣ እሱ ስለ ጨዋታው ነው እንጂ ስለ ተራራው አላለም» አልኳቸው። «የተማረ ሰው ሲናገር በምሳሌ ነው፣ አንቺ ደግሞ መምህር ነኝ ትያለሽ» ብለው በሰው ፊት አሳፈሩኝ። ዕቃቸውን አስረው የነበሩ ሁለት ጎረቤቶች ያንኑ ዕለት ፈቱ። አሁን በመንደሩ ሰው ሲገናኝ ሰላምታው «ድንጋይህን ያዝ» ሆኗል። ልጆቹ ሳይቀሩ ይሉታል።

እኔ ግን ከመቶ የቀረውን ሃያ አምስት ነው ስቆጥር የማድረው። ስንጥቁን ቤቴል ዛሬ መዝለል አትችልም። ችካሎቹን ተክለን ነበር፣ የላይኛውን ጎርፍ ወሰደው፣ ስለዚህ ልክ አልላክሁልዎትም። የወጥ ቤቱ በር አልዘጋ ብሏል። ከቤቱ በላይ ያለው ትልቁ ጽድ ወደ እኛ አዘንብሏል፤ አባባ ድሮም እንዲህ ነበር ይላሉ፣ አልነበረም። እኔ በዚያ ዛፍ ሥር ነው ያደግኩት።

ጋሼ፣ እፈራለሁ። በግልጽ ልናገር ብዬ ነው። እባክዎ ሌላ ደብዳቤ ይጻፉልኝ። ጨዋታ የሌለበት፣ ከመቶ የሌለበት። «አስራት ውጣ» የሚል ብቻ። ከእርስዎ ብዕር ካልወጣ በቀር አይሰሙም።

ይህችን ደግሞ አባባ ጻፊ ብለውኝ ነው፦ «ወንድሜ ተክለጻድቅ፣ ሴት ልጅ ዝናብ ስታይ ታለቅሳለች፣ አትስማት። አንተ እንዳልከው ይዘናል። ሚስትህ በሕይወት ሳለች ቤት ጠርገህ የማታውቅ ሰው በረዶ ጠረግህ መባሉ ግን እስካሁን አልወጣልኝም።»

ኢየሩስ

---

ካምቤል፣ ሐምሌ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢየሩስ

ሰላምሽ ይብዛ። ደብዳቤሽን አንብቤ ከፋኝ፣ አልዋሽሽም። ሰባ አምስቱ የጨዋታው መሆኑን ለአባትሽ ማስረዳትሽ ደግ አደረግሽ። ቢሆንም ምክሩ ምክር ነው። አንድ ጨዋታ ተሸነፍኩ ተብሎ ሠንጠረዥ አይቀደድም፤ ባለፈው ቅዳሜ ተሸንፈናል፣ እኔ ግን ሠንጠረዤን አልነካሁም።

በር በክረምት አይዘጋም። እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ የኔም የጓሮ በር እንዲሁ ነው። ዛፍም ሰው በፈራ ጊዜ የዘመመ ይመስላል። እኔ የምፈልገው ልክ ነው። ችካሉን እንደገና ትከሉ፣ ከጎርፉ ራቅ አድርጋችሁ፣ ከዚያ በክንድም ቢሆን ለክታችሁ ንገሩኝ። ፍርሃት ቁጥር አይደለም። ቡሄ ደግሞ ደርሷል፣ ጥቂት ቀን ነው የቀረው።

ኣቡበከር ሰሞኑን ከሲያትል ይመለሳል። ዕድሜ ልኩን ተራራ እየቆረጠ መንገድ ሲሠራ የኖረ መሐንዲስ ነው። ላስቸግረው አልፈለግሁም ነበር፣ ነገር ግን ፎቶሽን አሳየዋለሁ። ቤቴልን ሳሚልኝ።

ተክለጻድቅ

---

ኦክላንድ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢየሩስ፣ ይህን ደብዳቤ ቁጭ ብለሽ አታንብቢው። አባትሽን ጥሪና ቆመሽ አንብቢላቸው።

የምጽፈው ከበረዶ ሜዳው አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆኜ ነው። ጨዋታው ሊጀመር ሲል ፎቶዎችሽንና ደብዳቤዎችሽን ለኣቡበከር ሰጠሁት። ሳቅ ብሎ ጀመረ። የላይኛውን አነበበ፣ ሁለተኛውን አነበበ፣ ከዚያ ጓንቱን አወለቀና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የኔን ሠንጠረዥ ነገር ነገርኩት። የመጨረሻው ድንጋይ የነሱ ነው፣ በፈለጉ ጊዜ ይወጣሉ አልኩት።

«ሊስን ተክሌ» አለኝ። «ሠንጠረዥህ ውስጥ ስንት ጌም አለ?»

«ብዙ። አራት መቶ ይሆናል።»

«ያ ተራራ ስንት ጊዜ ነው ቤታቸው ላይ የወረደው?»

መልሴን ሳይጠብቅ ራሱ መለሰ።

«ዚሮ። ስለዚህ ዳታ የለህም። ሁለተኛ፣ ሃመሩ፣ የመጨረሻው ድንጋይ፣ የማን እንደሆነ ቼክ ሳታደርግ ነው የመከርከው። የነሱ አይደለም። እነሱ ከወሰኑ በኋላ ተራራው ይወረውራል። ተራራው ከወረወረ በኋላ ግን የነሱ ተራ የለም። ላስት ሮክ የሱ ነው። መንገዱ ሁለቴ ተዘግቷል እያለችህ፣ ‹ነገም መውጣት ይችላሉ› ያልካቸው በምንድነው፣ በሄሊኮፕተር?»

እውነቱን ነው። በጨዋታው ቢሆን የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው፣ ጀማሪም ይጠይቀዋል። እኔ ሳልጠይቅ ለሰባት ቤት መልስ ሰጠሁ።

ኣቡበከር እንዲህ በላቸው አለኝ። የሚሰፋ ስንጥቅ፣ የማይዘጋ በር፣ የሚያዘነብል ዛፍ፣ ሦስቱም ተራራው ከነቤታችሁ እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ይናገራሉ። የቀረው ምልክት ውሃ ነው። ድሮ ባልነበረበት ቦታ፣ ከቤታችሁ ሥር ወይም ከበታቹ፣ ምንጭ ከፈለቀ፣ ይልቁንም የደፈረሰ ከሆነ፣ ተራራው ሆዱ ሞልቷል ማለት ነው። ያን ቀን ከብት አትፍቱ፣ ዕቃ አታንሱ። ሰው ብቻ ይዛችሁ ወደ ጎን ውጡ፣ ወደ ታች አይደለም፣ ወደ ጎን። ሌሎቹንም ቤቶች ጥሩ። ምንጩ ባይፈልቅም ዛሬውኑ ውጡ።

አስራት፣ አሁን ላንተ ነው የምናገረው። የሳቅህበት ጨዋታ አንድ ወግ አለው። ሠንጠረዡ በቃ ካለ፣ ተሸናፊው እስከ መጨረሻው ድንጋይ አይጠብቅም። ጓንቱን አውልቆ ወደ ባላጋራው ይሄዳል፣ እጁን ይዘረጋል፣ አብረው ወደ ቤት ይገባሉ። ማንም አይስቅበትም። እንዲያውም ማብቃቱን ሳያውቅ የሚቀጥል ሰው ነው የሚታማው። ግንቡን አንተ እንደካብከው አውቃለሁ። ውጣ ብዬሃለሁ ወንድሜ። ቃልህን ጠብቅ፤ ተክለጻድቅ ውጣ ካለኝ ዛሬውኑ እወጣለሁ ብለሃል። ይኸው ብያለሁ፣ ውጣ።

ተክለጻድቅ

---

ካምቤል፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኢየሩስ

መልስ አላገኘሁም። የላክሁት ደምመላሽ ስልክ ላይ አልተነበበም፤ ስደውልም «የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ አይቀበሉም» ትላለች ያቺ ሴት። ወረዳው ደወልኩ፣ አንድ ሰው አነሳና «የትኛው ሰንበሌጥ?» አለኝ። ኣቡበከር ደብረ ሲና ዘመድ ያለው ሰው ፍለጋ ስልክ ላይ ነው። ሶፍያ ሱቋን ዘግታ እኔ ዘንድ መጥታ ተቀምጣለች፣ ብቻህን አትሁን ብላ። አንድም ስለ ጨዋታ ያወራ የለም።

ተቆጥታችሁብኝ ከሆነ ተቆጡ። ልክ አልፈልግም፣ ችካል አትትከሉ። «ወጥተናል» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ላኪልኝ። በአንድ ቃል አልመልስም ያልኩሽ ሰው አሁን አንድ ቃል እለምንሻለሁ።

ተክለጻድቅ

---

ሰንበሌጥ አምባ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ ተክለጻድቅ

ያሰቡትን ሁሉ አምላክ ይሙላልዎት። የሐምሌ ሃያ ስምንቱ ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፣ ፍርሃት ቁጥር አይደለም ሲሉኝ። ዛሬ ግን ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የምጽፈው፣ ሳላስቸግርዎ አልቀረሁም።

በሩን ደምመላሽ በመላጊያ ላገውና አሁን ይዘጋል። እንዳሉትም እንጨቱ ነበር። ችካሉን እንደገና ተክለናል፤ ሰሞኑን ዝናቡ ቀለል ብሎልናል፣ ገመዱም ብዙ አልተወጠረም። ጽዱን አባባ ይቆረጥ ብለዋል፣ ለቡሄ ችቦ ይሆናል ብለው።

ደግሞ ደስ የሚል ነገር ልንገርዎ። ከትናንት በስቲያ ጠዋት ከወጥ ቤታችን ሥር፣ ከመሠረቱ ድንጋይ መካከል፣ ምንጭ ፈለቀ። ከዚህ ቤት ተወልጄ አድጌ እዚያ ቦታ ጠብታ አይቼ አላውቅም። ትንሽ ደፈርስ ይላል፣ ይጠራል ይላሉ። ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርደን ጀሪካን የምንሸከም ሰዎች፣ ውሃው ራሱ እቤታችን መጣልን። ቄሱ መጥተው ባረኩት። ስድስቱም ጎረቤት ጀሪካን ይዞ ሲመጣ ግቢያችን ገበያ ይመስላል፣ ቤቴል ጭቃው ውስጥ ገብታ አልወጣም ብላለች። አባባ ከበሩ ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ለመጣው ሁሉ «ተክለጻድቅ የመጨረሻው ድንጋይ የኛ ነው ያለው ይኸው!» ይላሉ። እንዲህ ሲደሰቱ ካየሁ ዘመን የለኝም። እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ትናንት ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

ስለዚህ ያ «ውጣ» የሚለው ደብዳቤ ይቅር፣ አይጻፉት። አሁን የምለምንዎ የዚያን ድንጋይ ፎቶ ነው፤ አባባ ምን ያህል እንደሚከብድ በዓይናቸው ማየት ፈልገዋል። ከቡሄ በኋላ ደግሞ እጽፍልዎታለሁ።

ልጅዎ ኢየሩስ

---

ከላይ ካለው ወረቀት ግርጌ፣ በሌላ እጅ ጽሕፈት፦

ደብረ ሲና፣ ነሐሴ 14

ጋሼ፣ ደምመላሽ ነኝ። ይህን ወረቀት ይዤ የወረድኩት ነሐሴ አምስት ቀን ነው። በወረድኩ ማታ መንገዱ ከኋላዬ ተቆረጠ፣ መብራትም ኔትወርክም አብሮ ጠፋ። ሰሞኑን እዚህ ሆኜ ዝናቡን ስሰማ ነው የሰነበትኩት። ከላይ የወረደ ሰው የለም። ኔትወርክ የመጣው አሁን ነው፣ የእርስዎ ሁለቱ ደብዳቤዎች አንድ ላይ ገቡ። የኢየሩስንም ደብዳቤ ፎቶ አንስቼ እልክልዎታለሁ።

ሁለቱንም አነበብኩ። ስለ ምንጩ ያሉትንም አነበብኩ። ስወርድ ከዚያው ምንጭ በኮዳ ቀድቼ ነበር፣ እስካሁን ከመኪናው ውስጥ አለ፣ አልጠራም።

መኪናውን እዚህ ትቼ በእግሬ በጎን በኩል እየወጣሁ ነው። ደብዳቤዎን አሳትሜ በላስቲክ ጠቅልዬ ኪሴ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ለአባባ ቆሜ አነብላቸዋለሁ፣ እርስዎ እንዳሉት።